አምስቱን ጊጋባይት እታለም አልወሰደችም

ለተከበሩ የመሥሪያ ቤታችን የንብረትና የኮምፒውተር አገልግሎት ኃላፊ፤
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ የተሟላ ጤና፣ ረጅም ዕድሜና የማይደርቅ የማኅተም ቀለም እየተመኘሁ፣ ከልደትና ጋብቻ መዝገብ ክፍል፣ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ፣ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረስዎ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ መጻፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ አደራ እላለሁ። በታሸገ ፖስታ የላክኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች በገቢ መዝገብ ላይ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት ከተመዘገቡ ወዲህ የገቡበት ስላልታወቀ፣ ክቡርነትዎም ስለ እታለም የጻፉትን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ስለመረጡ፣ የአለቃን አርአያ መከተል የሠራተኛ ግዴታ ነው ብዬ እኔም ከጎኑ ለጥፌዋለሁ።

ይህን ቆሞ የሚያነብ ባለጉዳይ እታለምን ላያውቃት ይችላል። እታለም የክፍላችን የጽዳት ሠራተኛ ናት፤ እናት አባቷ ያወጡላት ስም ሌላ ቢሆንም፣ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ትልቁም ትንሹም እታለም ሲላት ኖሯል። አንዲት ሙሽራ ከፊርማ በኋላ የጣለችውን ቀለበት ከአግዳሚ ወንበር ሥር ጠርጋ አግኝታ፣ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሮጣ ያስረከበች ሴት ናት። ቅሬታዎቼ እነሆ።

አንደኛ፤ ስለ መስኮት። ኮምፒውተራችን በሰው ፊት ድርቅ ብሎ መቅረት ሲያበዛ፣ ክቡርነትዎ ችግሩን በጥልቀት መርምረው «በመዝገብ ክፍል ውስጥ ከሁለት በላይ መስኮት መክፈት የተከለከለ ነው» የሚል ሰርኩላር ስላስተላለፉልን ምስጋናችን ወደር የለውም። ሐሳብዎ ስክሪኑ ላይ ስለሚከፈተው መስኮት እንደነበር የገባን ዘግይቶ ነው። ትእዛዝ አክባሪው የጥበቃ ሠራተኛ ግን ክፍላችን አራት መስኮት እንዳለው ቆጥሮ ሁለቱን በሚስማር መታቸው። ሙቀቱን ችለነዋል። ኮምፒውተሩ ግን መድረቁን አልተወም፤ አንድ ሙሽራ የጋብቻ ወረቀቱ እስኪታተም ሦስት ሰዓት ሲጠብቅ፣ ሐሳቡን እንዳይለውጥ የሙሽራዋ አጎት በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

ሁለተኛ፤ ስለ ሜሞሪ። ጩኸታችንን ሰምተው፣ አራት ጊጋባይት የነበረው የኮምፒውተራችን ሜሞሪ ስምንት እንዲሆን ማዘዝዎን በደስታ እናስታውሳለን። ከውጭ የመጣ ባለሙያ ባለ አራት አራት ሁለት ሜሞሪ ገጥሞ ሄደ። በሁለተኛው ሳምንት ክቡርነትዎ ለጉብኝት ብቅ ብለው ስክሪኑን ሲመለከቱ «ሦስት ነጥብ ሁለት» የሚል አነበቡ። ከስምንት ላይ ሦስት ነጥብ ሁለት ሲቀነስ አምስት ሊሞላ ጥቂት እንደሚቀረው በቃልዎ አስልተው፣ ያለ ምንም ማመንታት ዕቃው ተሰርቋል ወደሚለው ድምዳሜ በመድረስዎ የመቀነስ ችሎታዎን ሳላደንቅ አላልፍም።

ሦስተኛ፤ ስለ ምርመራው። ከሥራ ሰዓት ውጭ ወደ ክፍሉ የምትገባው የጽዳት ሠራተኛዋ ብቻ ስለሆነች፣ ተጠርጣሪ ፍለጋ ብዙ አልደከሙም። እታለም ቢሮዎ ተጠርታ፣ በሦስት የኮሚቴ አባላት ፊት ቆማ ጊጋባይቱን የት እንዳደረሰችው ተጠየቀች። ሳትጠየቅ ቦርሳዋን ገልብጣ አሳየች፤ የወጣው ነጠላ ጫማ፣ የደም ግፊት ኪኒንና የቤት ቁልፍ ነበር። ጊጋባይት ምን ያህል እንደሚያክል ስለማታውቅ፣ ኪሷ ውስጥ ሳታውቀው ገብቶ እንዳይሆን ሽርጧንም አራገፈች። ከዚያም እንዲህ አለች፦

«ጌታዬ፣ ከዚያ ክፍል ይዤ የወጣሁት አቧራ ነው። እሱን ከፈለጉት ጓሮ አለ።»

በቃለ ጉባኤው ላይ ይህ «ተጠርጣሪዋ አጥጋቢ መልስ አልሰጠችም» ተብሎ ተጽፏል። በዚያው ቀን ከክፍላችን ተነሥታ መጋዘን እንድትጠርግ ታዘዘች።

አራተኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው። ኮሚቴው ፊት ለምስክርነት ቆሜ ሳለ፣ አሥራ አራት ዓመት የማውቃትን ሴት «አታደርገውም» ማለት አቅቶኝ፣ የማውቀው ነገር የለም ብዬ ወጥቻለሁ። እንጀራዬን ፈርቼ ነው። ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም፤ በማግስቱ በታናሽ ወንድሟ መሥሪያ ቤት የምትሠራ አንዲት የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ እንዳለች ነግራኝ ስልክ ቁጥሯን በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ።

ባለሙያዋ መጣች፤ ክቡርነትዎም ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ግኝቱ በጽሑፍ ይቅረብልኝ አሉ። ሁላችንም ከብበን ቆመን ሳለ የኮምፒውተሩን ክዳን ፈታች። ሁለቱ ሜሞሪዎች እንደተገጠሙ ጎን ለጎን ተሰክተው ነበር። ታዲያ ለምን ሦስት ብቻ ይላል ብዬ ብጠይቃት፣ በሽታው ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እንደሆነ አስረዳችን። ሲስተሙ ለእያንዳንዷ የሜሞሪ ክፍል እንደ ቤት ቁጥር ያለ አድራሻ ይሰጣል፤ የኛው ግን የድሮ፣ ባለ ሠላሳ ሁለት ቢት ስለሆነ፣ ያለው ቁጥር ከአራት ጊጋባይት አያልፍም፤ ከዚያችውም ላይ ለስክሪኑና ለሌሎች ዕቃዎች ቆርሶ ያስቀምጣል። ቁጥር ያልደረሰው ቤት ቆሞ አለ፤ ፖስተኛው ግን አያውቀውም።

«ዕቃው አልጎደለም፤ የጎደለው ቆጣሪው ነው» አለችን።

ይህንኑ በአንድ ገጽ ጽፋ፣ ከስብሰባ ሲመለሱ ጠረጴዛዎ ላይ አስቀመጠች። ወረቀቱን እስካሁን እንዳልጣሉት በዓይኔ አይቻለሁ፤ የሻይ ብርጭቆዎን የሚያስቀምጡበት እሱ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ አዲሱን ባለ ስድሳ አራት ቢት ሲስተም ለመሸከም አቅም እንዳለው ባለሙያዋ ስላረጋገጠችልን፣ የለውጥ ጥያቄውን ከስድስት የዓመት ፈቃድ ቅጾች መሐል አድርጌ ላቀርብልዎ ተገደድኩ። ሰባቱንም በአንድ ትንፋሽ ፈረሙልኝ። ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ።

ሲስተሙ ሐሙስ ተቀየረ። ስክሪኑ ስምንት አለ፤ ወረቀት በደቂቃ መታተም ጀመረ፤ አንዲት አራስ የልጇን የልደት ምስክር ወረቀት ሕፃኑ ሳይነቃ ወስዳ ሄደች። እልል ልንል ምንም አልቀረንም ነበር። ዓርብ ጧት ግን ክቡርነትዎ ስምንቱን አይተው፣ ይህን ማስታወቂያ ለጠፉ፦ «ጠፍቶ የነበረው ሜሞሪ በአመራሩ ጥብቅ ክትትል ወደ ቦታው ተመልሷል። የመለሰችው ግለሰብ ላሳየችው ጸጸት ይቅርታ ተደርጎላት ወደ ምድብ ሥራዋ እንድትመለስ ተወስኗል።»

እታለም መነጽሯን ስላልያዘች ማስታወቂያውን ያነበብኩላት እኔ ነኝ። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማችኝና፦

«ይቅር ያሉኝ ምን አድርጌ ነው?» አለችኝ።

ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ ይህ ጥያቄ ነው። ክቡርነትዎን የምለምነው አንዲት ነገር ናት፤ ይቅርታውን መልሰው ይውሰዱትና፣ በዚያው ሰሌዳ ላይ፣ በዚያው የፊደል መጠን፣ እታለም ምንም እንዳልወሰደች ይጻፉ። ዐረፍተ ነገሩ አጭር ስለሆነ ጊዜዎን አይሻማም።

እስከዚያው እኛ እጃችንን አጣጥፈን አልተቀመጥንም። ምስክር ወረቀት መስጠት ሥራችን አይደል? የክፍሉ ሠራተኞች አሥራ አንዳችንም ፈርመን፣ ታማኝነቷን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት በወፍራሙ ወረቀት አትመን ሰኞ ጧት ሰጥተናታል። ፊርማው ላይ የመጀመሪያው ስም የኔ ነው። ሕጋዊነቱ ያጠያይቅ ይሆናል፤ ማኅተሙ ግን ቀጥ ብሎ አርፏል። እሷም ሁለት ጊዜ አገላብጣ አየችውና፣ ከኪኒኑ ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ከታ፣ «በሉ እግራችሁን አንሡልኝ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቆሻሻ ላይ ነው የተቀመጣችሁት» ብላ መጥረጊያዋን አነሣች። እግራችንን አነሣን፤ ከመካከላችን አንዱ በሳቅ ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር።

ትእዛዝዎን ለመፈጸም ዘወትር ዝግጁ፣ ምክንያቱን ለመረዳት ግን ዘወትር የሚቸገር፣
የክቡርነትዎ ታዛዥ፣
የልደትና ጋብቻ መዝገብ ያዥ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለሙያዋ ሪፖርቷን ልታስቀምጥ ቢሮዎ በገባችበት ጊዜ የክቡርነትዎን ኮምፒውተር በጨረፍታ አይታው ነበር። በንብረት መዝገብ ላይ አሥራ ስድስት ጊጋባይት ተብሎ ተመዝግቧል፤ ስክሪኑ የሚያሳየው ሦስት ነጥብ ሁለት ነው። የቢሮዎ ቁልፍ ከእርስዎ በቀር በማንም እጅ እንደሌለ ስለምናውቅ፣ ለጊዜው ለኮሚቴው አላመለከትንም።