ጣውንቴ ትዋሻለች

ሰኔ 3

ሰባ አራት ዓመቴ ነው። ጎማ ብቻዬን እቀይራለሁ። ዘይት ብቻዬን እቀይራለሁ። ልብሴን አጥባለሁ፣ ጺሜን ያለ መስታወት እላጫለሁ። መንገድ ያለ መነጽር አያለሁ፣ ለመጻፍ ግን መነጽር ያስፈልገኛል። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ዓመቴ ነው... ባለቤቴ ናት ያስቆጠረችኝ። ዘግይቶም ቢሆን ቆጥሬያለሁ።

ደብተሩን የሰጠኝ መካኒኩ ነው። «አባቴ፣ የፒክአፗ የሙቀት መርፌ መቼ መቼ እንደሚወጣ ይጻፉልኝ። እኔ ጋ ሲመጡማ ጨዋ ልጅ ሆኖ ቁጭ ይላል» አለኝ። እሺ ብያለሁ።

ዛሬ፦ ጠዋት ጭጋግ። ከእንጨት ቤቱ ሁለት ቁም ሳጥን ጫንኩ። ገና ድልድዩ ጋ ሳልደርስ መርፌው ከመሃል ተነስቶ ቀዩን ነካ። ቆምኩ። ጠበቅሁ። ስነሳ ደህና። ትንሽ ሄድኩ፣ እንደገና ቀዩ።

ሁለት መስመር እጽፋለሁ ብዬ ገጹን ጨረስኩት።

ሰኔ 5

ፀሐይ። ዳገቱን በሙሉ ጭነት፣ በሁለተኛ ማርሽ ወጣሁ። መርፌው ንቅንቅ አላለም። ምን ዓይነት ሞተር ነው ሜዳ ላይ ታሞ ዳገት ላይ የሚድን?

ሰኔ 8

ልጄ ደወለች። ለፒክአፗ ገዢ አግኝታለች። ሐምሌ 5 መጥታ መኪናዋን ልታስረክብ፣ እኔን ደግሞ ይዛ ልትሄድ።

«አባዬ፣ ብቻህን እዚያ ምን ትሠራለህ? ደግሞ የምትፈላ መኪና ይዘህ መንገድ ላይ ብትቀርስ?»

የምትፈላ መኪና... እኔው ነኝ ያልኳት። ባለፈው መስከረም ሆስፒታሉ በር ላይ «ለምን ዘገያችሁ?» ስትለኝ «ሞተሩ ፈላ፣ እንፋሎት ብቻ ሆነ» አልኳት። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አልጠየቀችኝም። ባትጠይቀኝም...

ሳትሸጥ ማወቅ አለብኝ። የዚያን ቀን እውነት ፈልቶ ነበር?

ሰኔ 9

ለመካኒኩ ሌላ ወረቀት አዘጋጅቼለታለሁ። ይሄ ለራሴ ነው።

የዚያን ቀን ጠዋት ዝናብ ነበር። ባለቤቴ ደረቷን ይዛ ከጎኔ። ድልድዩን እንዳለፍን መርፌው ቀዩ ውስጥ ገባ። ቆምኩ። ሞተር ተቃጥሎ ጭራሽ መንገድ ላይ ብንቀርስ ብዬ። በዚያ ዝናብ የሚያልፍ መኪና አልነበረም። አርባ ደቂቃ ሞተሩን አቀዘቀዝኩ።

መኪናዋን «ጣውንቴ» ነበር የምትላት። «እኔን ሲያመኝ ነገ ይሻልሻል፣ ጣውንቴን ሲያማት መካኒክ!» እያለች ትስቅብኝ ነበር። የዚያን ቀንም እጅጌዬን ይዛ፣ «ሂድ አንተ ሰው... ጣውንቴ ትዋሻለች» አለችኝ። ቀልድ መሰለኝ። ሁለቴ አለችኝ። ሁለተኛውን ቀስ ብላ።

ሐኪሙ ማረፏን ነግሮኝ፣ «ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ቢሆን ኖሮ...» ብሎ ጀመረ። ነርሷ ገላመጠችው።

ሞተሩ ፈልቶ ከሆነ የብረት ጥፋት ነው። ብረት ምን ይባላል? ካልፈላ ግን...

ሰኔ 14

መካኒኩ ቴርሞስታቱን ፈትቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ውሃው ሲሞቅ የሚከፈት ትንሽ በር ነው። አልከፈትም ካለ ሞተር ይፈላል። «ቤትዎ ቀቅለው ይዩት» አለኝ። «ጨው እንዳይጨምሩ ብቻ!» ሠራተኞቹ ሳቁ።

በሷ ድስት ቀቀልኩት። አጠገቡ ቁጭ ብዬ፣ አትከፈት፣ በናትህ አትከፈት እያልኩ። ውሃው መንተክተክ ሲጀምር ቀስ ብሎ አፉን ከፈተ።

ደህና ነው። ድስቱን ሦስቴ አጠብኩት። የሞተር ዕቃ በድስቷ መቀቀሌን ብታይ አገር ይያዝልኝ ነበር የምትል።

ሰኔ 16

ደመና፣ ከሰዓት ዝናብ። መርፌው ወጣ። መስቀለኛው መንገድ ላይ ፍሬቻ አብርቼ ቀኝ ለመታጠፍ ስጠብቅ ደግሞ ባሰበት። ብድግ፣ ቁጭ። ብድግ፣ ቁጭ። እንደ ልብ ምት።

ወንበሯ ላይ ዕቃ አላስቀምጥም። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ሰኔ 19

«የቴስታታው ጋስኬት ተቃጥሎ ነው» አልኩት መካኒኩን፣ እኔው። የሞተሩ ራስ ማሸጊያ ነው፤ ከተቃጠለ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ይታያል። ክዳኑን ከፍተን፣ ሞተሩን አስነስተን ሁለታችንም አፈጠጥን። አንድ አረፋ የለም። ውሃውም እንደሞላ።

«እልል ይበሉ እንጂ አባቴ! ተቃጥሎ ቢሆን ሞተር ማውረድ ነበር። ሰው ደህና ነው ሲሉት እንዲህ ፊቱ ይጠቁራል?»

«ደግመህ እይ።»

«ሦስቴ አየሁ እኮ። ሞተሩ ጤነኛ ነው። መርፌው ነው የሚዋሽ።»

የሚዋሽ አለኝ። እሱም። አፌ እንዴት እንደተከፈተ አላውቅም። «አንተ ገና በእናትህ ጀርባ ታዝለህ ሳለህ እኔ ይቺን መኪና እነዳ ነበር! ሙያህን ከየት ሰርቀህ እንደመጣህ...» ሌላም ብያለሁ፣ እዚህ አይጻፍም። ሠራተኞቹ ፊት። ካቻቢቴውን አስቀመጠ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «እሺ አባቴ» ብሎ ሌላ መኪና ሥር ገባ።

ቢሰድበኝ ይሻል ነበር።

ሰኔ 20

አልወጣሁም።

ሰኔ 21

አልወጣሁም። ዳቦው ሻግቷል። የሻገተውን ቆርጬ ጥዬ የቀረውን በላሁ።

ሰኔ 23

ልጄ ደወለች። «ዕቃህን ጀመርክ መጠቅለል?» አዎ አልኳት። ምንም አልጀመርኩም። «ድምፅህ ምን ሆነ አባዬ?» ጉንፋን ነው። አንዴ መዋሸት ከጀመሩ ጉንፋንም አይቀር።

ሰኔ 26

ደብተሩን ከመጀመሪያ ጀምሬ አነበብኩት፣ በጣቴ እየተከተልኩ። መርፌው የወጣባቸው ቀናት፦ ጭጋግ። ዝናብ። ዳገት አይደለም፣ ጭነትም አይደለም። ሰማዩ ነው። ሰማይ ከሞተር ጋር ምን አገናኘው? በጭጋግና በዝናብ እኔ ምን አደርጋለሁ?

መብራት አበራለሁ።

ያኔ ትዝ አለኝ። ከመታመሟ ብዙ ወር በፊት ነው። «ኧረ አንተ ሰው፣ መብራት ስታበራ ነው እኮ መርፌው የሚዘለው!» አለችኝ። ምን ብዬ መለስኩላት? «አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሞተር አዋቂ የሆንሽው?» እሷ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ነገ ተነስቼ ልሞክረው?

ሰኔ 28

ዝናብ። ጠዋት ግቢ ውስጥ አስነሳኋት። ሁለት ቀን የቆመች መኪና፣ ቀዝቃዛ። መርፌው ታች ተኝቷል። መብራት አበራሁ። ከፍ አለ። የዝናብ መጥረጊያውን ጨመርኩ፣ የመስታወት ማድረቂያውን ጨመርኩ። ቀዩ። ገና ሁለት ደቂቃ! በሁለት ደቂቃ እንኳን ሞተር ሻይም አይፈላም። ሁሉንም አጠፋሁ። ወረደ። አበራሁ። ወጣ።

ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩና መዳፌን ራዲያተሩ ላይ አሳረፍኩ። ቀዝቃዛ፣ የሆስፒታል አልጋ ብረት።

የዚያን ቀን ኮፈኑን አልከፈትኩም። መዳፌን አላሳረፍኩም። እንፋሎት አየሁ ያልኩት... ዝናቡ ነው፣ ሞቅ ባለ ቆርቆሮ ላይ ሲወድቅ የሚጨሰው። ዘጠኝ ወር ሙሉ እንፋሎት አየሁ ስል ኖርኩ።

ዝናብ ውስጥ ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ጫማዬ ውሃ ይዟል።

ሰኔ 29

አገኘሁት። ከባትሪው ወደ ቦዲው የሚሄደው ጥቁር ሽቦ። ጫፉ ዝጓል፣ ቡሎኑ ላልቷል። መብራት ሲበራ ኤሌትሪኩ መመለሻው ይጠበውና መርፌውን ያወራጨዋል። በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፣ አጠበቅሁት። መብራት፣ መጥረጊያ፣ ማድረቂያ፣ ፍሬቻ... ሁሉንም አበራሁ። መርፌው እንደተኛ ቀረ።

አሥር ደቂቃ ፈጀብኝ።

አሥር ደቂቃ!

ሐምሌ 4

ነገ ልጄ ትመጣለች። ሰባ አራት ዓመቴ ነው፣ ጎማ አሁንም ብቻዬን እቀይራለሁ። መኪናዋ እንደዚህ ጤነኛ ሆና አታውቅም። ገዢው ይውሰዳት፣ አልከራከርም። ዕቃዬን ጠቅልዬ በሩ ሥር አስቀምጫለሁ። ነገሩን ከሰማች በኋላ ትወስደኝ እንደሆነ፣ ትታኝ ትሄድ እንደሆነ የእሷ ፈንታ ነው።

ዕዳ አለብኝ። እኔው እከፍላለሁ። ማንም በኔ ስም እንዳይከፍል።

ለገዢው፦ ጥቁሩን ሽቦ በየክረምቱ እንዲያሸው መንገር። መርፌው ቀዩን ቢነካ ኮፈኑን ከፍቶ በመዳፉ ሳያረጋግጥ እንዳይፈርድ።

ለመካኒኩ፦ ይቅርታ። የሰደብኩት ሠራተኞቹ ፊት ነው፣ ይቅርታውም ሠራተኞቹ ፊት። ነገ ጠዋት ገና በሩን ሲከፍት።

ለልጄ፦ «ሞተሩ አልፈላም።» በስልክ አይሆንም። ሾፌር ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ ራሷ መብራቱን አብርታ፣ መርፌው ዝም ሲል እያየች።

ለእሷ፦ «ልክ ነበርሽ።» በአርባ ስድስት ዓመት ትዳር አንድ ቀን ብያት አላውቅም።

አሁንም ለእሷ፦ አርባ ደቂቃ። ይሄኛው እንዴት እንደሚከፈል አላውቅም። የኔ ነው ግን። ጻፍኩት።