በጨርቅ የተሸፈነው ሱቅ

ጥቅምት 6

ዛሬም እንደ ትናንቱ። ጠዋት የሁለት ጫማ ቆዳ ሰፋሁ። አባዬ ሶል ለጠፈ። ማስቲሹ እንደ ልማዱ አናቴን አዞረው።

ከሰዓት በኋላ የሰፈራችን ባለ ካፌ መጣ። እንደገና! በሩ ላይ ተደግፎ ቆመ። አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብሎ አያውቅም… በርጩማችን ሱሪውን የሚያቆሽሽበት ይመስል። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የእንጨት ፎርማዎች እያየ፣

«ጋሼ፣ እነዚህ እግሮች ካፌዬ ግድግዳ ላይ ቢሰቀሉ እንዴት ያምሩ ነበር!» አለ።

«እግሮች» ብሎ ጠራቸው! ፎርማ ነው የሚባለው፤ ጫማ የሚወጠርበት። እያንዳንዱ የአንድ ሰው እግር ልክ ነው፣ ጎኑ ላይ በእርሳስ የባለቤቱ ስም አለበት። አውራ ጣታቸው ሥር አጥንት የወጣባቸው፣ አንዱ እግራቸው ከሌላው የሚበልጥ፣ በስኳር የተነሳ የሚያብጥባቸው… የአባዬ ደንበኞች ገበያ ላይ ጫማ የማይገኝላቸው ሰዎች ናቸው። ነበሩ። አንዳንዶቹ ሞቱ፣ አንዳንዶቹ ሰፈር ለቀቁ፣ የቀሩትን እንጃ።

አባዬ «አይሆንም» እስኪል ጠበቅሁ። አላለም።

«እስከ ኅዳር መጨረሻ ልየው» አለ። ሰውዬው ሲወጣ ደግሞ ፊቴን ሳያይ፣ «ያ የኢንተርኔት ሱቅሽ አንድ ሰው እንኳ ካመጣ ፎርማዎቹ ይቀራሉ። ካላመጣ እዚህ አቧራ ከሚጠጡ እዚያ ሄደው ይታዩ። እኔም ልረፍበት።»

አንድ ሰው። አንድ ሰው ብቻ! እሱን ካላመጣሁ ምኑን የአባቴ ልጅ ሆንኩ?

ጥቅምት 7

የሱቁን ጎብኚዎች አየሁ። እኔ። አክስቴ። ደግሞ እኔ፣ በአክስቴ ስልክ።

ጥቅምት 9

ሱቁን በክረምት ነው የሠራሁት፣ ዝግጁ ድረ ገጽ መሥሪያ ላይ። ኮድ የለ፣ ምን የለ፤ ፎቶውን ጎትቶ ማስቀመጥ ነው። ከዚያ ቁጭ ብዬ ሰው ጠበቅሁ። ሰው ከየት ይመጣል?

ዛሬ ጎግል ላይ «ለሰፊ እግር የሚሆን ጫማ» ብዬ ፈለግሁ። የለንም። «በልክ የሚሰፋ ጫማ»… የለንም። በመጨረሻ የራሳችንን የሱቅ ስም አንዲት ፊደል ሳልስት ጻፍሁ። የፈረስ ኮቴ ብረት የሚሸጥ ሰውዬ መጣልኝ።

አክስቴ ሹራቧን እየሠራች በሳቅ ሞተች። «ላም አለኝ በሰማይ ሲባል ነበር የምናውቀው። ወንድሜ፣ ያንተ ልጅ ደግሞ ሱቅ አላት በሰማይ!»

ተናደድሁ። ጥሩ ነው። ስናደድ ነው ሥራ የሚሆንልኝ።

ጥቅምት 12

«በሁለት ቀን ጎግል አንደኛ ገጽ ላይ አወጣችኋለሁ» የሚል ሰው ደወለ። ምን እንደምንሸጥ ታውቃለህ አልኩት። «ምንም ይሁን!» አለኝ። ዘጋሁበት። ከእጅ አይሻል ዶማ። ራሴ እማረዋለሁ።

ጥቅምት 14

ፎቶዎቹ ከብደው ኖሯል። አክስቴ ገጻችን እስኪከፈትላት የሹራብ እጅጌ ጨረስኩ ትላለች። ታጋንናለች… ግን ብዙም አይደለም። ሁሉንም አሳነስኩ። መግቢያው ላይ የሚሽከረከረውን ሥዕልም አጠፋሁት፤ እወደው ነበር።

ሌላ የተማርኩት፦ ጎግል ፎቶ ከማየት ይልቅ ጽሑፍ ማንበብ ነው የሚቀናው። እኔ ደግሞ ፎቶዎቹን ስልኩ በሰጣቸው ቁጥር ነው የተውኳቸው። አሁን በእያንዳንዱ ሥር ምን እንደሆነ ጻፍሁ። «ፊቱ ሰፊ፣ ማሰሪያ ያለው፣ ቡናማ የቆዳ ጫማ»። ለዓይነ ስውር እንደማስረዳት ነው።

በጅምር ያለ ጫማም ላነሳ ነበር። አባዬ ፈጥኖ ጨርቅ ጣለበት። «ያላለቀ ሥራ ለሰው አይታይም!» ይህን ሕግ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እዚህ ቤት ያላለቀ ሁሉ ጨርቅ ለብሶ ነው የሚያድር።

ጥቅምት 18

ተጣላን።

ነገሩ የጫማዎቹ ስም ነው። አባዬ ለሁሉም ስም ያወጣል። ኩሩ። ማለዳ። እመቤት። ሱቁ ላይም እንደዚያው ነው የጻፍኳቸው። ግን እግሩ የሚያመው ሰው «ማለዳ» ብሎ ይፈልጋል እንዴ? አክስቴን ጠየቅኋት፤ የሷም አጥንት የወጣ ነው። አንቺ ብትሆኚ ምን ብለሽ ትፈልጊያለሽ?

«አውራ ጣቴ ሥር አጥንት ወጥቶብኝ ጫማ አልገባ አለኝ፣ ምን ይሻለኛል… እላለኋ!»

ቃል በቃል ጻፍኩት። «አውራ ጣት ሥር አጥንት ለወጣበት እግር የሚሆን ጫማ»። የገጹ ርዕስ አደረግሁት። ለአባዬ አሳየሁት። ፊቱ ጠቆረ።

«ጫማዬን በሕመም ስም ጠራሽው?»

«ሰው እንዲያገኘን ነው አባዬ…»

«ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ደንበኛ ፊት እግርዎ እንዲህ ሆኗል ብዬ አላውቅም። አይቼ ዝም ነው። ለክቼ ዝም ነው። ስሙን ያወጣሁት ለምን ይመስልሻል? ማለዳዬን ሥራልኝ ብለው እንዲያዙኝ ነው፤ ለጎባጣው እግሬ እንዳይሉኝ!»

ይህን አላውቅም ነበር። ስሞቹ ለጌጥ ይመስሉኝ ነበር። አፈርሁ። ግን ርዕሱን አላጠፋሁትም።

ጥቅምት 19

አባዬ አኮረፈ። ማስቲሹን እንኳ በምልክት ነው የጠየቀኝ።

ጥቅምት 22

ስልኬን ይዤ አጠገቡ ተቀመጥሁ። ጎግል ላይ «እግሬ» ብዬ ብቻ ጻፍኩና ሰጠሁት። ሰው የሚፈልገው ከሥሩ ተደርድሮ መጣ። እግሬ ለምን ያብጣል። እግሬ ጫማ አልገባ አለኝ። አንዱ እግሬ ከሌላው ይበልጣል ምን ላድርግ። መነጽሩን አጥልቆ እየተንተባተበ አነበበ።

«ማነው ይህን ሁሉ የሚጠይቀው?»

«ሰው ነዋ። ብቻውን ሲሆን። ላንተ የማይነግርህን ለዚህ ይነግረዋል።»

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ ዘንድሮ ጎግልም ያወጣዋል። አባዬ መዶሻውን አነሳ፣ አስቀመጠ።

«በይ ጻፊ» አለኝ። «የእግርዎ ጥፋት አይደለም። የጫማው ነው። ይምጡና በልክዎ እንሥራልዎ።»

ርዕሱ በእነሱ ቃል፣ ከርዕሱ ሥር በሱ ቃል፣ ከዚያ የጫማው ስም። ለሁሉም ገጽ እንዲህ አደረግሁ። ማለዳ ማለዳ እንደሆነች ቀረች። ታረቅን። ደስ አለኝ!

ኅዳር 3

የተባለውን ሁሉ ሠርቻለሁ። ጎብኚ፦ አክስቴ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል… ይሂድ እሺ፣ ጫማውን ግን ከማን ይገዛል?

ኅዳር 8

ባለ ካፌው ሜትር ይዞ መጣ። ግድግዳውን ሊለካ! ስንት ፎርማ እንደሚይዝለት ያሰላል። እየለካ አንዴ በዚህኛው እግሩ ይቆማል፣ አንዴ በዚያኛው። ይቸኩላል መሰለኝ። አባዬ ሜትሩን ጫፉ ላይ ያዘለት። ያዘለት! ጓዳ ገብቼ ውሃ ጠጣሁ፤ አለቀስኩም።

አልተውም። ነገ ሱቁን ከላይ እስከ ታች፣ ቁልፍ በቁልፍ አየዋለሁ።

ኅዳር 9

ኧረ ጉድ!

የሱቁን ማስተካከያዎች አንድ በአንድ ከፈትሁ። ቋንቋ… አድራሻ… ክፍያ… ከሁሉም ታች አንዲት ትንሽ ሳጥን። ምልክት ተደርጎባታል። «ይህን ሱቅ መፈለጊያዎች እንዳያገኙት ደብቅ»።

ማነው ምልክት ያደረገው? እኔ! በክረምት፣ ስጀምር። ገና አላለቀም፣ ሲያልቅ አነሳዋለሁ ብዬ። ያላለቀ ሥራ ለሰው አይታይማ… ይኸውና ሱቁን በጨርቅ ሸፍኜ ሰው አልመጣም እያልኩ አለቅሳለሁ! ውሃ ስወቅጥ ከረምኩ።

ምልክቱን አጠፋሁ። የገጾቻችንን ዝርዝርም ለጎግል ላክሁ፤ መጥተህ እይ እንደማለት ነው።

ለአባዬ እየፈራሁ ነገርኩት። ይቆጣል ስል ሳቁ መጣ፣ እንባው እስኪፈስ። «የኔው ጥፋት ነው። እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ!» ከዚያ ተነሳና በጅምር ካለው ጫማ ላይ ጨርቁን ገፈፈ። «ነይ አንሺው። እንዴት እንደሚሠራም ይዩ።»

አባዬ ነው ይህን ያለው። የኔ አባት!

ኅዳር 15

በስማችን ስፈልግ አለን! አንደኛ! የፈረስ ኮቴው ሰውዬ ከሥራችን ነው። አክስቴ ስልኩን ስማ መለሰችልኝ።

ኅዳር 19

«አውራ ጣት ሥር አጥንት ለወጣበት» የሚለው አራተኛ ገጽ ላይ ነው። አክስቴ፣ «አራተኛ ገጽ ድረስ ማን ይሄዳል? የጨነቀው ካልሆነ» አለች።

የጨነቀውን አይደል እንዴ የምንፈልገው?

ኅዳር 21

ድሮ በሽተኛ የሚልክልን የእግር ሐኪም ጋ ሄድሁ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። እሱም ድረ ገጽ አለው። የሱቃችንን አድራሻ ገጹ ላይ ያስቀምጥልን እንደሆነ ጠየቅሁት። «አባትሽ አሁንም ይሠራሉ? እኔ እኮ የተዉት መስሎኝ ነው» አለ። ወዲያው አስቀመጠ። የታመነ ሰው ሲጠቁምህ ጎግልም ያምንሃል አሉ። ከሰው ተምሮት ይሆናል።

ኅዳር 25

ሁለተኛ ገጽ። የማላውቃቸው ሰዎች ገብተዋል! አዩ፣ ወጡ። አንዱ ግን የጅምሩን ጫማ ፎቶዎች ደጋግሞ አይቷል። ማን ይሆን?… ወሩ እያለቀ ነው።

ኅዳር 27

መጣ! በሱቁ በኩል መልእክት መጣ! ይኸው፣ እንዳለ ልገልብጠው።

«ቀኝ እግሬ አውራ ጣቱ ሥር አጥንት ወጥቶበታል። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምሠራው። ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ነገ ጠዋት ልክ ልሰጥ ልምጣ?» ስም በሚለው ቦታ «ደንበኛ» ብሎ ብቻ ጽፏል።

ለአባዬ አነበብኩለት። በርጩማውን በእርጥብ ጨርቅ ወለወለ። ደረቀ፣ እንደገና ወለወለው።

ኅዳር 28

ጠዋት ዓይኔ በር ላይ። በሩ ተከፈተ… ባለ ካፌው!

ፎርማዎቹን ሊወስድ የመጣ መሰለኝ። ደሜ ፈላ። «ፎርማዎቹ አይሰጡም!» አልኩት አፌን ሞልቼ። «ዛሬ ደንበኛ አለብን። በኢንተርኔት ሱቃችን የመጣ!»

አልተነቃነቀም። ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። የኛ ገጽ ነው። የኔ ርዕስ፣ የአባዬ ቃል።

«እኔ ነኝ» አለ መሬት መሬት እያየ። «ጋሼ፣ ፎርማ ልይ እያልኩ ስመጣ ግማሹ ሰበብ ነበር። ልጠይቅዎ እመጣለሁ… አፍሬ እመለሳለሁ።»

ያ ሁሉ መደገፍ፣ ያ ሁሉ በአንድ እግር መቆም… ለካ ሕመም ኖሯል። እኔ ኩራት ነው ብዬ ስንቱን ጻፍኩበት! አባዬ ግን አንድ ቃል አልጠየቀውም። ሁልጊዜ አንተ የሚለውን ሰው፣ «ይቀመጡ» አለው፣ ለደንበኛ እንደሚለው። ባለ ካፌው በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ጫማውን አወለቀ። አባዬ ተንበርክኮ ወረቀት አነጠፈና እግሩን በእርሳስ ዞረው። አየ፣ ዝም አለ። ለካ፣ ዝም አለ።

«የትኛውን ልሥራልዎ?» አለው ሲጨርስ።

«ማለዳን» አለ ባለ ካፌው።

ታኅሣሥ 6

ባለፈው ሳምንት ሌሎች ሁለት ሰዎች ልክ ሰጥተው ሄዱ። አንዷ ነርስ ነች፣ ከሩቅ ነው የመጣችው። አባዬ ማስቲሽ አለቀ ብሎ ይጮህብኛል። ይጩህ።

የባለ ካፌውን ፎርማ ዛሬ ጠርቦ ጨረሰ። ጎኑ ላይ በእርሳስ ስሙን ጻፈ። ያለ ጨርቅ፣ አክስቴም እኔም እያየን። ከዚያ ወንበር ላይ ወጥቶ ከሌሎቹ ጎን ሰቀለው።

«ግድግዳ ላይ ይሰቀሉ ሲል አልነበር?» አለች አክስቴ። «ይኸው ተሰቀለለት።»

እኛ ግድግዳ ላይ።