የወይዘሮ ማንጠግቦሽ የሺዋስ ጨረቃ

እናታችን ወይዘሮ ማንጠግቦሽ የሺዋስ ከአባታቸው ከመሪጌታ የሺዋስ ተገኘና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማሬ ዓለሙ ጥቅምት 12 ቀን 1951 ዓ.ም. በምሥራቅ ጎጃም፣ ቁይ አካባቢ ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት አባታቸው ዘንድ ነው፤ ከጥላሸት ቀለም ማዘጋጀትንም ያኔ ተማሩ። በመምህርነት ሠልጥነው ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ ጡረታ እስከ ወጡበት እስከ 2011 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አስተማሩ። በ1975 ዓ.ም. ከአቶ ኃይለ ሚካኤል ደምሴ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ሁለት ልጆች አፍርተዋል።

ብዙዎቻችሁ እናታችንን የምታውቋቸው ባዶ የወተትና የጁስ ካርቶን ሲለቅሙ ነው። «አበዱ» ያላችሁም ነበራችሁ፤ ሰምተዋል፤ እኛም አልረሳንም። ካርቶኑን ከፍተው፣ አጥበው፣ በሚያብለጨልጨው የውስጥ ገጽ ላይ በምስማር ሥዕል ይጭሩ ነበር። ጭረቱን በኑግ ዘይት የተለወሰ የድስት ጥላሸት ይቀቡና ትርፉን በጨርቅ ይጠርጋሉ። ከዚያ እርጥብ ወረቀት ደርበው በማንኪያ ጀርባ አጥብቀው ሲያሹት ሥዕሉ ወረቀቱ ላይ ይታተማል። የደምበጫን ገበያ፣ የሉማሜን መናኸሪያ፣ ቁይ የነበረውን የአባታቸውን ጎጆ እንዲህ አትመዋል።

በ2012 ዓ.ም. የሥራ ባልደረባቸው መምህር ፍሥሐ ሙላት «አዲስ አበባ ወስጄ ላሳይልዎት» ብለው ዐሥራ አራት ሥዕሎች ወሰዱ። ሥዕሎቹ በመምህር ፍሥሐ ስም ተሰቀሉ፤ በመምህር ፍሥሐ ስም ተሸለሙ። እናታችን ይህን ያወቁት በቴሌቪዥን ነው። ጋዜጠኛዋ ከጎጆው በላይ ያለችው ነጭ ክብ ምን እንደሆነች ስትጠይቅ መምህሩ «ጨረቃ ናት፤ የተስፋ ምልክት አድርጌ ነው የሣልኳት» አሉ። እናታችን ጨረቃ ሥለው አያውቁም። ያቺ የጁስ ካርቶኑ የስትሮ ቀዳዳ ናት፤ ቀዳዳ ቀለም ስለማይዝ ነጭ ሆና ትታተማለች።

ሽማግሌ ቢልኩባቸው መምህሩ «ለቆሻሻ ካርቶን ብላ ስሜን ታጠፋለች» ብለው ካዱ። ሽማግሌዎቹም ይተዉት አሏቸው። እናታችን ተዉት፤ ይቅር ግን አላሉም።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ዐረፉ። ከማረፋቸው በፊት ሁለት ነገር አዘዙ። አንደኛው፣ ጎጆው የተጫረበት ካርቶን ከሣጥናቸው ወጥቶ የዚህ ጽሑፍ ሽፋን በእሱ እንዲታተም ነው። በእጃችሁ ነው፤ ቀዳዳዋን ተመልከቷት። ሁለተኛው፣ ታሪካቸውን የእድራችን አንባቢ እንዲያነቡት ነው። በእድራችን የሟች ታሪክ የሚያነቡት፣ በድምፃቸው የታወቁት፣ ወረቀቱንም አስቀድሞ የማየት ልማድ የሌላቸው መምህር ፍሥሐ ሙላት ናቸው። ስንጠይቃቸው ይቅር የተባሉ መስሏቸው ደስ እያላቸው እሺ አሉ። መምህር፣ አንድም መስመር እንዳይዘሉ፤ ለቀስተኛው ሁሉ ወረቀቱን ይዞ እየተከተለዎት ነው።

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ይህን የጻፍኩትን ልጃቸውን ወንጌላዊትን፣ ወንድሜን ዘማርያምን፣ ሦስት የልጅ ልጆችን፣ በሌላ ሰው ስም የተሰቀሉ ዐሥራ አራት ሥዕሎችንም ትተው አልፈዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን። አሜን ከማለታችን በፊት አንባቢያችን የቀረውን ጮክ ብለው ያሰሙን፦

ዐሥራ አራቱም ሥዕሎች የወይዘሮ ማንጠግቦሽ የሺዋስ ናቸው። የሰረቅሁት እኔ ፍሥሐ ሙላት ነኝ። አሜን።