የወለተሐና ጥያቄ

ጥቅምት 12፣ ሚካኤል
ቅዳሴ ዘግይቶ ወጣ። ብርዱ አይጣል ነው። ከሰዓት በኋላ ገብሱን ከዝንጀሮ ስጠብቅ ዋልኩ፣ ዳዊቴን እየደገምኩ። ዘንድሮ ዝንጀሮው ሰው አይፈራም።

ጥቅምት 16
የወለተሐና ልጅ ሞተች። የንስሐ ልጄ ናት፣ ወለተሐና። የመጀመሪያ ልጇ ነበረች። ማታ አሟት ጧት ሞታ ተገኘች፤ እኔን ጠርተው ለማስጠመቅም አልደረሱም። ሰማንያ ቀን ስላልሞላት ክርስትና አልተነሣችም። ስለዚህ ፍትሐት የለም። በምን ስሟ ትፈታ? ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ ቀበሯት።
እናቲቱ ከለቀስተኛው መሀል ተነሥታ፣ "አባቴ፣ ልጄ የት ናት?" አለችኝ።
አፌ ላይ እንደመጣልኝ፣ "ያልተጠመቀ ብርሃን አያይም ይላል መጽሐፍ" አልኳት።
"የቱ ጋ ነው የሚለው?"
መስቀል አሳልሜያት ወደ ሌላው ለቀስተኛ ዞርኩ። ሰው ሁሉ ሰምቷል።

ጥቅምት 17
የቱ ጋ ነው?

ጥቅምት 21፣ ማርያም
ወለተሐና ቤተ ክርስቲያን አልመጣችም። ባሏ ገብረአማኑኤል ብቻውን መጣ።
"እህል አልቀምስም ብላለች፣ አባቴ። ልጄ ጨለማ ውስጥ ሆና እኔ እንዴት እበላለሁ ትላለች። እርስዎ ያሉትን ነው የምትደጋግመው።"
እኔ ያልኩትን! እኔስ ከማን ሰማሁት? ከአባቴ። እሳቸውስ ከማን?
የደብራችንን አለቃ፣ አለቃ ወልደአረጋይን ጠየቅኋቸው። ተቆጡ። "ደንብ ደንብ ነው። ሴት ጠየቀችኝ ብለህ ልትመራመር ነው?"
ቅዳሴውን በቃሌ እወጣዋለሁ። በዜማም አልታማም። ወንጌሉን በግዕዝ አነበንባለሁ... ትርጓሜ ግን አልተማርኩም። አባቴ ሲሞቱ ጉባኤ ቤት ሳልገባ ቀረሁ። ታዲያ ሃያ ዓመት ሙሉ ምን ስል ነው የኖርኩት?

ጥቅምት 24
ደብረ ብርሃን። በጭነት መኪና፣ ገብስ ላይ ተቀምጬ መጣሁ። የመጻሕፍት መምህሩ የኔታ ብርሃነ መስቀል ዘንድ ገባሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው።
"ከውኃና ከመንፈስ ያልተወለደ የሚል አለ" አሉ። ቀጥለውም፣ "ሕፃናትን አትከልክሏቸው የሚልም አለ።"
"የቱን ልንገራት፣ የኔታ?"
"ሁለቱም ቃሉ ነው።"
ግራ ገባኝ ስላቸው ሳቁ። "ሳታነብ እርግጠኛ ከምትሆን አንብበህ ግራ ቢገባህ ይሻልሃል" አሉኝ። ትልቁን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ አዋሱኝ። ዝናብ እንዳይነካው በጋቢዬ ጠቅልዬ ይዤ ተመለስኩ።

ጥቅምት 26
ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ባሰብኝ። አንዱ ገጽ ያጽናናል፣ ሌላው ያስፈራል።

ጥቅምት 28
ዳዊት ልጅ ሞቶበታል!
ሳሙኤል ካልዕ ላይ ነው። ልጁ ሲታመም መሬት ላይ ተኝቶ ጾመ። ልጁ በሰባተኛው ቀን ሞተ። ከተወለደ በሰባተኛው ነው ወይስ ከታመመ? እንጃ። ለእነሱ እንደ እኛ ጥምቀት የሆነው ግዝረት በስምንተኛው ቀን ነው... ሳይገረዝ ሞቶ ይሆን? ሲሞት ግን ዳዊት ተነሣ፣ ታጠበ፣ እህል አቅርቡልኝ አለ። በላ። እኔ ወደ እሱ እሄዳለሁ፣ እሱ ግን ወደ እኔ አይመለስም አለ። ወዴት ነው የሚሄደው? ወደ ጨለማ? አይመስለኝም።
ዕድሜዬን ሁሉ ዳዊት ስደግም ኖሬ ዳዊት ልጅ መቅበሩን ዛሬ አወቅሁ። በጣም አፈርኩ።
ደግሞ ልጁ የሞተው በአባቱ ኃጢአት ነው ይላል። ይህንን ላንብብላት ወይስ ልዝለለው? ብዘለው ዋሸሁ። ባነበው ልቧን ሰበርኩ...

ጥቅምት 29
አለቃ ሰምተዋል። "መጽሐፍ ታቅፈህ ለቅሶ ቤት ብትሄድ ከኔ ጋር አትቀድስም" አሉ። ብሄድ አገልግሎቴን አጣለሁ፣ ብቀር እሷን። ባለቤቴ አመተ ማርያም "እሷ በራብ ከሞተች ምን ሊቀድሱ ነው?" አለችኝ።

ኅዳር 1
ሄድኩ። ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታለች፤ ፊቷ አልቋል። ምንም ሳልዘልል አነበብኩላት። ኃጢአቱ ጋ ስደርስም አላቆምኩም። ዳዊት ተነሥቶ በላ የሚለው ጋ ስደርስ ወደ እኔ ዞረች።
"የልጁ ስም ማን ነበር?"
ገለጥኩ፣ መለስኩ፣ እንደገና ገለጥኩ።
"አልተጻፈም።"
"ስም ሳይኖረው ነው ዳዊት ወደ እሱ እሄዳለሁ ያለው?"
"አዎ።"
"ልጄ ጨለማ ውስጥ ናት ያሉኝስ፣ አባቴ?"
"አላውቅም" አልኳት። "ሳላውቅ ነው የተናገርኩት።"
ብዙ አለቀሰች። በቀብሩ ዕለት እንዲህ አላለቀሰችም ነበር። ከዚያ ባሏን አጥሚት ጠየቀችው። አቀረበላት። ባረክሁት።
ትክክል ነገርኳት? እንጃ። ለአለቃስ ምን እላለሁ? እሱንም እንጃ።
ልወጣ ስል ክንዷን ተደግፋ ቀና አለች።
"ነገስ ምን ያነቡልኛል?"