ከድልድዩ በኋላ ያለው ዘፈን

ሐሙስ፣ ጥቅምት 18

ውድ ሚጣዬ፣

እንደ ደንቡ «ካንቺ ናፍቆት በቀር እኛ ደህና ነን» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ደህና አይደለንም። ከእናታችን ቀብር ወዲህ ስልኬን አታነሺም። ጥላችንን ሌላ ቀን እንጨርሰዋለን፣ የትም አይሄድብንም። ያቺ አብሮ አደግሽ ወደዚያ ስለምትመጣ ይህን ደብዳቤ በእጅሽ እንድትሰጥልኝ ለምኛታለሁ። እባክሽ ሳትጨርሺው እንዳታስቀምጪው።

አባዬ ጡረታ መውጣቱን ረስቶታል። ሐኪሙ የመርሳት በሽታ ነው፣ መድኃኒቱም ብዙ አይመልሰውም ብሎናል። ከሰዓት በኋላ ሲሆን አውቶቡሱ የሚጠብቀው ይመስለውና ይወጣል። ባለፈው ሰኞ በዚያ ዝናብ በነጠላ ጫማ መናኸሪያ ድረስ ሄዶ፣ ከቆመ አውቶቡስ ውስጥ ገብቶ የሾፌሩን ወንበር ያዘ። ሊያወርዱት ሲታገሉ ወድቆ ግንባሩ ተሰፋ። ባለቤቴ በማግስቱ ትልቅ ጓጉንቸር ገዝቶ መጣ። «ወይ ይቆለፍበት፣ ወይ መጦሪያ ይግባ፤ መኪና ገጭቶት ሬሳ ከምናነሳ» አለ። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ በጠፋ ቁጥር ሮጦ የሚፈልገው እሱ ነው። ቆልፈን ሞከርነው። አባዬ «ተሳፋሪ ቆሟል፣ ክፈቱልኝ» እያለ እጁ እስኪያብጥ በሩን ደበደበው። እኔ ስፌት መኪናዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩና መልሼ ከፈትኩለት። ጓጉንቸሩ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ ነው። በወሩ መጨረሻ ካልተሻለ መጦሪያ ሊያስገባው ባለቤቴ ተነጋግሮ ጨርሷል።

ሳይደግስ አይጣላም እንደሚባለው፣ በዚህ ጭንቅ መሃል ዘፈኖቹ ትዝ አሉኝ። መቼም ታስታውሻለሽ፣ አባዬ በዚያ መስመር ላይ ዕድሜ ልኩን አንድ ካሴት ነው ያጫወተው። ከመናኸሪያ ሲነሳ ያስገባዋል፣ መጨረሻው ፌርማታ ሲደርስ ያልቃል። እናታችን «ይሄ ሰውዬ በመሪ ሳይሆን በካሴት ነው የሚነዳው» ትለው ነበር። ካሴቱ አውቶቡሱ ውስጥ ቀርቷል፤ አንቺ ግን ከመሄድሽ በፊት ዘፈኖቹን አንድ በአንድ ኮምፒውተርሽ ላይ እንደጫንሻቸው አውቃለሁ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ እንደ ወፍጮ ይጮሃል፤ ቢሆንም ይነሳል። አባዬ ግን ከፊቱ አይቀመጥም፣ ጩኸቱ ያስበረግገዋል። ስለዚህ ኪስ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ማጫወቻ ከነጆሮ ማዳመጫዋ ገዛሁለት።

እኔና ኮምፒውተርን ታውቂናለሽ። ዘፈኖቹ ያሉበትን ፎልደር ዴስክቶፑ ላይ አገኘሁት፣ ኮፒ አድርጌ ማጫወቻዋ ላይ ለጠፍኩት፤ ዓይን ሳይጨፈን አለቀ። እንዲህ ቀላል ነው እንዴ ብዬ እየተኩራራሁ አባዬ ጆሮ ላይ ሰካሁለት። ድምፅ የለም። ሰፈሩ «ዶክተር» ወደሚለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ይዣት ሮጥኩ። አየና ሳቀብኝ።

«እትዬ፣ ይቺን ጥግ ላይ ያለች ቀስት አላዩዋትም? የወሰዱት የቤቱን አድራሻ ነው። ቤቱ እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ ቀርቷል።»

ዋናው ፎልደር የት እንደሚገኝ አሳየኝ፤ ተመልሼ ዘፈኖቹን ራሳቸውን አስገባኋቸው። ያኔ ደግሞ ከድጡ ወደ ማጡ። ለካ ማጫወቻዋ የምትደረድራቸው በስማቸው ፊደል ተራ ነው። አባዬ የመጀመሪያውን ድምፅ ሲሰማ ደስ ብሎት የድስት ክዳን አንስቶ እንደ መሪ ጨበጠ፤ ወዲያው ግን ያልጠበቀው ዘፈን መጣበት፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ላብ አጠመቀው። «መንገዱ ጠፋኝ፤ ሰው ጭኜ የት ነው የገባሁት?» እያለ ክዳኑን ለቀቀው። አባታችን ሲፈራ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አይቼ አላውቅም ነበር።

ዶክተሩ «ከየዘፈኑ ስም ፊት ቁጥር ይጻፉበት፣ በቁጥሩ ይሄዳል» አለኝ። መላው ቀላል ነው፤ ተራውን ማን ያውቃል? እኔ ከእናታችን ጋር ቤት ውስጥ ልብስ ስሰፋ ነው ያደግሁት። ከትምህርት ቤት ስትወጪ ከሾፌሩ ወንበር ኋላ ተቀምጠሽ እስከ መጨረሻ የምትሄጂው አንቺ ነሽ። ስለዚህ በዳሰሳ ጀመርኩት። አንዱን አስቀድምና ፊቱን አየዋለሁ፤ ከጠቆረ አወጣውና ሌላ እተካለሁ። እንዲህ እያልኩ ከመናኸሪያ ተነስቼ ድልድዩ ድረስ አደረስኩት። ገበያው ጋ ሴትዮዋ የምትዘፍነው ነው፣ ድልድዩ ላይ ክላርኔቱ። እስከዚያ ድረስ ብታዪው ሌላ ሰው ነው፤ ለሚያልፈው ሾፌር ሁሉ እጁን እያነሳ ሰላም ይላል። ከድልድዩ በኋላ ግን የቱንም ባስገባ አይሄድም። ክዳኑን ጭኑ ላይ ያስቀምጥና ቀኝ እጁን ዘርግቶ የሆነ ነገር ይስባል። ቆይቶ ተነስቶ ይወጣል።

ልለምንሽ የተቀመጥኩት ይህንኑ ነው። ከድልድዩ በኋላ ያለው የቱ ነው? እሱን ብቻ ጻፊልኝ። ደክሞኛል፣ ሚጣዬ። ትናንት የሰው ሱሪ ገልብጬ ሰፍቼ ደንበኛዬ እንደ እብድ አየኝ። አባቴ ላይ በር የምቆልፍ ሰው መሆን አልፈልግም፤ ሌላ የማደርገው ግን ጠፍቶኛል።

እዚህ ላይ አቁሜ ነበር፤ አባዬ ሊወጣ ተነሳብኝ። አሁን ተመልሼ ነው።

እንደ ልማዴ ልጮህበት ነበር፤ ለመጮህም አቅም አጣሁ። መልሼ አስቀምጬው ከፊቱ ተንበረከኩና አንዱን ማዳመጫ ከጆሮው አወጣሁ።

«ሾፌር፣ ለምንድን ነው የማንሄደው?» አልኩት። እንዲህ ብዬ ጠይቄው አላውቅም።

«ልጄ አልወጣችም» አለኝ።

«የት ናት?»

«ትምህርት ቤት ናታ። ትንሽ ትዘገያለች። ጥያት ብሄድ በምን ትመጣለች?»

«ተሳፋሪው ቸኩሏል እኮ።»

«የቸኮለ ይውረድ።»

ከኋላው በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። ድምፄን እንዳንቺ አቅጥኜ «አባዬ፣ ተሳፍሬያለሁ፣ ሂድ» አልኩት። ዞሮ አየኝ። አትኩሮ አየኝ። እኔም ያውቀኝ እንደሆነ ብዬ ዓይኑን ፈለግሁት።

«አንቺ የአውቶቡሱ ረዳት ነሽ» አለኝ፣ እንዳይከፋኝ ቀስ ብሎ። «በሩን ክፍት ተዪው፣ ትደርሳለች። ካልደረሰች ወርጄ እፈልጋታለሁ።»

ሚጣዬ፣ ከድልድዩ ማዶ ያለው ትምህርት ቤትሽ ነው፣ እጁም የሚስበው የአውቶቡሱን በር፤ እኛ ጠፋ እያልን ስንባዝን እሱ አንቺን ሊያመጣ ነው ለካ የሚወጣው።

የዘፈኑን ተራ ተዪው። ድምፅሽን ላኪልኝ። ስልክሽ ላይ «አባዬ፣ ተሳፍሬያለሁ፣ ሂድ» ብለሽ ቅጂው፤ ሌላ ቃል አትጨምሪ፣ አታልቅሺበት፣ ያኔ እንደምትዪው ቀልጠፍ አድርገሽ በዪው። የዶክተሩን ስልክ ቁጥር ከፖስታው ጀርባ ጽፌልሻለሁ፤ ለሱ ላኪለት፣ ማስገባቱን እኔ ለምጄዋለሁ። ከክላርኔቱ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ላንቺ ባዶ ትቼዋለሁ። ለእኔ ባትጽፊም ግድ የለም። የተጣላሽው ከእኔ ጋር ነው፤ እሱ ጥል መኖሩንም አያውቅም።

እናታችን ብትኖር እንደምትመርቅሽ ልመርቅሽ፦ የወጣሽበት በር ለመመለሻሽ አይጥበብ፣ የእጅሽ ሥራ ይቅናልሽ፣ ክፉ ዓይን አይይሽ።

አንድ ነገር ብቻ። በዚያ መስመር ላይ እኔን ቆሞ የሚጠብቅበት ፌርማታ ኖሮ የምታውቂ ከሆነ፣ እባክሽ እሱንም ንገሪኝ።

ታላቅ እህትሽ