ከዘንዶዋ ጋር የተደረገ ዕርቅ

ደባርቅ፤ እሑድ፣ የካቲት ፲፪ ቀን

ልጄ «ይህ የዘንዶ ጨዋታ መጽሐፍ ከቤቴ ይውጣ ወይስ ይቆይ? እርስዎ ይፍረዱ» ብላኝ ነበርና፣ ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ከልጅ ልጄ ከትርሲት ጋር ጨዋታውን ሞከርሁት። እርሷ ታነባለች፤ እኔ የማደርገውን እናገራለሁ፤ መሳካት አለመሳካቱን የምንጥለው ባለቁጥር ጠጠር፣ ዳይሱ፣ ይወስናል። መንደሩና ዋሻው በዐይን የሚታዩ ያህል በውበት ተጽፈዋል። ጉድለቱ፣ መንደሩን የምታጠቃውን ዘንዶ ከመግደል በቀር ሌላ መንገድ አለማሳየቱ ነው።

«አባባ፣ ሰይፍዎን ይምዘዙ!»

«የለም። መንደርተኞቹ የዘንዶዋን እንቁላል ሰርቀውባታል፤ ድንጋይ ተሸክመው ይቅርታ ይለምኗት፤ ካሳም ይክፈሏት።»

«ዘንዶ ይታረቃል እንዴ? መጽሐፉ ላይ የለም እኮ!»

«ጸሐፊው ሽማግሌ ሳያማክር ቢጽፈው ነው።»

እየሳቀች ዳይሱን ጣለችው፤ ትልቁ ቁጥር ወጣ። ዘንዶዋ መንደሩን ዳግመኛ ላትነካ ማለች።

ተመስገን፤ በዚህ ዕድሜዬ ዘንዶ አስታረቅሁ! «ይቆይ» ብዬ ፈረድሁ፤ የጎደለውንም የዕርቅ መንገድ በኅዳጉ ላይ በእጄ ጻፍሁበት።