አቃጥላቸው ያልሽኝ ደብተሮች

አስኩዬ፣

ከተለየሽኝ ዛሬ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። እንደምን ከረምሽ ብዬ ልጀምር አልኩና መልሱን ከማን እሰማለሁ ብዬ ተውኩት። ደብዳቤ መጻፍ የአንቺ ሙያ ነበር። እኔ በሠላሳ ዓመት ትዳራችን ስላንቺ የጻፍኩት ነገር ቢኖር ፎርም ላይ ስምሽን ብቻ ነው። ፊደሌ ቢንጋደድ፣ ነገሬም ቢዘባረቅ እንደ ልማድሽ ሳቂና እለፊው።

የቤቱን ልንገርሽ። ስትጠብቂው የነበረው ባቡር ሳንታ ሞኒካ ድረስ ገባ። ልጃችን ህሊና ሆስፒታል ሥራዋ የምትሄደው በሱ ነው፤ መኪናዋን ሸጠችው። እኔም ታክሲዬን መለስኩ። ሰው ሁሉ በስልኩ መኪና እየጠራ ኤርፖርት ተሰልፈን መዋል ብቻ ሆነብንና ሰለቸኝ። ዳውንታውን አንቺ ተቀምጠሽ የመኪና ማቆሚያ ሒሳብ ትቀበዪበት የነበረው የፓርኪንግ ቡዝ ፈርሶ ማሽን ቆሟል። በሐበሻው ሰፈር፣ ፌርፋክስ ላይ ሳልፍ ሰው ሁሉ ሰላም ይለኛል፤ ስምሽን ግን የሚያነሳ የለም፤ እንዳላለቅስ ፈርተው ይመስለኛል። ቤት ስገባ አሁንም ጫማዬን በር ላይ አወልቃለሁ፤ የሚቆጣኝ ባይኖርም።

ዙሪያውን የምዞረው ዋናውን ፈርቼ ነው። አስኩ፣ ደብተሮችሽን አቃጠልኳቸው። አሥራ አንዱንም።

ብታውቂውም ከመጀመሪያው ልናዘዝ። ያቺ የላይብረሪ ሴትዮ መኪናዋን አንቺ ጋ ስታቆም ደረሰኝ ላይ የጻፍሽውን አይታ እጅ ጽሑፍሽን ወደደችው። የፈረንጅ መነኮሳቱ ትምህርት ቤት በአለንጋ የተማርሽው እጅ ጽሑፍ ሎስ አንጀለስ ላይ ይፈለጋል ብሎ ማን ያስባል? የላይብረሪው ወጣቶች ተያይዞ የተጻፈ የድሮ እንግሊዝኛ ማንበብ አይችሉም፤ አንቺ ትችያለሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድሽ የሁለት ሴቶችን ደብዳቤ መገልበጥ ጀመርሽ፤ የኤለንን እና የሃናን። ከመቶ ሃያ ዓመት በፊት ሴት ትምረጥ፣ ያገባች ሴት የራሷ ንብረት ይኑራት እያሉ ከከተማ ከተማ ሲዞሩ፣ ሲሰደቡም የኖሩ ጓደኛሞች ናቸው። እሑድ ከሰዓት ደግሞ ደብዳቤዎቹን ወደ አማርኛ እየመለስሽ ደብተር ላይ ታሰፍሪ ነበር፤ ከጎኑ የራስሽን ሐሳብ እየጨመርሽ።

ስለነሱ ስታወሪ የማኅበር ጓደኞችሽ ነበር የሚመስሉት። ትዝ ይልሻል? አንድ ቀን ምሳ እየበላን፣ ኤለንን ባሏ ስብሰባ እንዳትሄድ ከለከላት ብለሽ እህል አልወርድልሽ አለ። የዚህ ሰፈር ሰው መስሎኝ፣ ሽማግሌ እንላክበት፣ እኔም እሄዳለሁ አልኩሽ። ከሞተ መቶ ዓመት አልፎታል ብለሽ በሳቅ ፈረስሽ። ከዚያ ወዲህ ኩርፊያ በያዘን ቁጥር ሽማግሌው መጣ ትይኝ ነበር። አሁን ብቻዬን ስበላ ያቺ ሳቅሽ ትመጣብኛለች።

ሆስፒታል፣ በመጨረሻው ምሽትሽ እጄን ይዘሽ፣ ደብተሮቼን አቃጥላቸው አልሽኝ። ከንፈርሽ ወደ ጎን ሸሸት አለ። ሕመሙ የጠናብሽ መስሎኝ ነርስ ጠራሁ። በማግስቱ ሄድሽ።

የሟች ቃል አይሻርም ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት። ኑዛዜ ያፈረሰ ዕዳው ለልጅ ልጅ ይተርፋል ይሉ ነበር አባቴ። ህሊና፣ አባዬ ቢያንስ ስካን ላድርጋቸው ብላ ለመነችኝ። ኑዛዜ ኮፒ አይደረግም ብዬ ተቆጣኋት። ቀብርሽ ባለፈ በሳምንቱ ሎንግ ቢች ወንድሜ ቤት ወሰድኳቸውና ጓሮው ሥጋ የሚጠብስበት ባርቤኪው ላይ አንድ በአንድ አነደድኳቸው። ቀኑ ብራ ነበር። የመጨረሻው ደብተር ሲነድ አንድ ገጽ ተገለጠና ስሜን አየሁ። «ዛሬ ግርማ» ይላል። ቀጥሎ ያለው ጠቆረ። እጄን ልሰድ አልኩና ቃልሽን የሻርኩ መሰለኝ፤ ተውኩት። ያን ቀን ግርማ ምን አድርጎ ነበር አስኩ? አስደስቶሽ ነበር ወይስ አሳዝኖሽ?

በአርባሽ የማኅበር ጓደኛሽ ዘነበች ደብተሮቹን ልትወስድ መጣች። ሴት ቤተ ክርስቲያናችን ቦርድ ውስጥ ትግባ ብላችሁ ሁለት ዓመት ስትለፉ፣ ለካ በዓመታዊው ስብሰባ ከደብተርሽ ልታነቡ ተስማምታችሁ ኖሯል። አቃጥላቸው ብላኝ ነበር፣ ኑዛዜዋን ፈጽሜያለሁ አልኳት።  «ኦ ማይ ጋድ ግርማ፣ ጆክ እኮ ነው! ሲሪየስ አድርገህ ወሰድከው?» አለችና ሶፋው ላይ ተቀመጠች።

ነገሩን እሷ አስረዳችኝ። ኤለን በየደብዳቤዋ ግርጌ፣ ይህን አንብበሽ አቃጥይው ብላ ትጽፋለች። ሃና አንድም ቀን አላቃጠለችም። ደብዳቤዎቹ ላይብረሪ የደረሱት ሃና እምቢ ስላለች ነው። እናንተም ከነሱ ወስዳችሁ፣ የምትለዋወጧት ቁራጭ ወረቀት ሁሉ አቃጥይው እያለች ታልቅ ነበር። የማያቃጥል ነው ወዳጅ ትል ነበር አስኩ፣ አለችኝ ዘነበች። ያኔ ትዝ አለኝ። ለእኔም ነግረሽኝ ነበር። ቴሌቪዥን ላይ ኳስ እያየሁ እሺ እሺ ስልሽ ነው የነገርሽኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

ስብሰባው ላይ ዘነበች ባዶ እጇን ቆመች። ሦስት ቃል ተናግራ እንባ ቀደማትና ተቀመጠች። ሰብሳቢው ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ። የሴቶቹም ነገር በዚያው ቀረ። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ዘነበች ከሩቅ ነው ሰላም የምትለኝ፤ አልፈርድባትም።

እሷ ቀልድ ነው ትላለች። እኔ ግን ከንፈርሽን ያየሁት እኔ ነኝ፤ ሳቅ ይሁን ሕመም ዛሬም አላውቅም። ከልብሽ ከሆነ ታዝዣለሁ። እየቀለድሽ ከነበረ ግን አስኩ፣ እምቢ እንድልሽ ነበር የጠበቅሽው። በሠላሳ ዓመት ያለ ክርክር የታዘዝኩሽ ያን ቀን ብቻ ነው። ህሊና አሁን ከሥራ መልስ የአማርኛ ፊደል እየተማረች ነው። ምን ልታነቢ ብዬ ለመጠየቅ ድፍረት የለኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ላይብረሪው ሄድኩ። ሴትዮዋ ስምሽን ስነግራት አወቀችኝና ሣጥኑን አመጣችልኝ። የኤለን ደብዳቤ ሁሉ አለ፤ በየአቃፊው ተደርድሮ፣ አንድም ጥግ ሳይቃጠል። ከመቶ ዓመት በፊት የሞተች ፈረንጅ ቃሏ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ የአንቺ ግን ሎንግ ቢች ጓሮ ውስጥ አመድ ሆነ። ላነብ ሞከርኩ። መስመሩ ሁሉ እንደ ተተረተረ ክር ሆነብኝ። ግን በየገጹ ግርጌ አንድ ቅርጽ ይመላለሳል። አንድ ጊዜ ኮፒውን ቤት አምጥተሽ ያንኑ መስመር በጣትሽ ያሳየሽኝ ነው። ጣቴን አስጠግቼ ተከተልኩት። ይህን አቃጥይው ይላል።

አስታውስሻለሁ ብዬ ልምል እፈልጋለሁ፤ ግን የጻፍሽውን አጥፍቼ፣ የነገርሽኝን በግማሽ ጆሮ ሰምቼ ምኑን ይዤ ልማል? ያለኝን ብቻ ነው የምሰጥሽ። እግሬ እስከቻለ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። አንቺ በተቀመጥሽበት ወንበር ተቀምጬ ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ እገልጣለሁ። ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ ማንበብ የምችለው ያቺኑ መስመር ብቻ ነው፤ እሷኑ አነባለሁ።

ታዛዡ ባልሽ፣
ግርማ